የቴሌስኮፕ መለዋወጫን በራስ መሥራትና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰማይ ማየት የለመደ ሰው ውሎ አድሮ ዓይኑ ከኮከቡ ወደ መሣሪያው ይዞራል። ፎከሰሩ (ምስሉን ለማጥራት የሚገባና የሚወጣው ክፍል) ይወላገዳል። ትሪፖዱ ይንቀጠቀጣል። ሌንሱ ጤዛ ይለብሳል። ያኔ ጥያቄው ይበዛል። ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚነሱት ናቸው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። የአብዛኛው አማተር ቴሌስኮፕ ችግር መስታወቱ ወይም ሌንሱ አይደለም። መስታወቱን የያዘው፣ የሚያዞረውና የሚያቆመው አካል ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ይኼኛው በእጃችን ልንሠራው የምንችለው መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ምን ልቀይር?

ምንም አይቀይሩ። መጀመሪያ ይፈትሹ።

ጥርት ያለ ሌሊት ይምረጡ። ከ100 እስከ 150 ጊዜ የሚያጎላ አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ይሰኩና ቴሌስኮፑን አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ ያነጣጥሩ። ቱቦውን በጣትዎ ጫፍ መታ ያድርጉና ኮከቡ እስኪረጋ ሰከንድ ይቁጠሩ። በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ከረጋ ጥሩ ነው። 5 ሰከንድ ከፈጀ የመጀመሪያው ሥራዎ እግሩ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ቀጥሎ የፎከሰሩን እጀታ ወዲያና ወዲህ ያዙሩ። ኮከቡ ወደ ጎን ከዘለለ ፎከሰሩ ልቅ ነው። ከዚያ ኮከቡን ከፎከስ አውጥተው ሰፋ ያለ ቀለበት ያድርጉት። በኒውቶኒያን ቴሌስኮፕ (በአንድ ዋናና በአንድ ትንሽ መስታወት በሚሠራው) የመሃሉ ጥቁር ክብ በግልጽ ወደ አንድ ጎን ካደላ ኮሊሜሽኑ፣ ማለትም የመስታወቶቹ አሰላለፍ፣ ተዛብቷል። ቴሌስኮፑ ውጭ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ይህንኑ ቀለበት መልሰው ይዩት። አሁንም ውስጡ ቀስ እያለ የሚንቀለቀል ነገር ካለ ጉዳዩ ሙቀት ነው።

ይህች ፍተሻ ብዙ ድካም ታድናለች። ብዙ ሰው ግን ይዘላታል፤ ውድ አይፒስ ገዝቶ በሚወዛወዝ ትሪፖድ ላይ ይሰካዋል። አይፒሱ የሚያጎላው ኮከቡን ብቻ ሳይሆን ንቅናቄውንም ጭምር ነው።

ትሪፖዴ ይንቀጠቀጣል። አዲስ ሳልገዛ ምን ላድርግ?

እግሮቹን ሙሉ በሙሉ አይዘርጉ። አጭር እግር ሁልጊዜ ከረጅሙ ይጸናል። ቁጭ ብሎ ማየት ይለመዳል፤ እንዲያውም የተረጋጋ ሰው የተሻለ ዝርዝር ያያል። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎንና ዳዶ ያጥብቁ። በእግሮቹ መሃል ያለውን ቀጭን የላሜራ መደርደሪያ አውጥተው በምትኩ ወፍራም የፕላይውድ ሦስት ማዕዘን ቢያስሩበት ለውጡ ወዲያው ይታያል።

እግሮቹ ቀጭን አሉሚኒየም ከሆኑ በጠንካራ እንጨት መቀየር ጥሩ ሥራ ነው። እንጨት ንዝረትን ውጦ ያስቀራል፤ ቀጭን ብረት ግን ያስተጋባዋል። ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ያለው ማውንት (ቴሌስኮፑን ይዞ የሚያዞረው አካል) ከሆነ ደግሞ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ከማንጠልጠል ከበድ ያለውን ወደ መሃል አስጠግቶ ማሰር ይሻላል። ሚዛኑ እኩል ነው፤ ንዝረቱ ግን ቶሎ ይሞታል።

መስታወቱን ራሱ ማሻሻልስ?

የሚቻል ነው፤ ግን የመጀመሪያ ሥራ አይደለም። ደህና የሚባል ቴሌስኮፕ ወደ ዓይን በሚያደርሰው ብርሃን ላይ የሚፈጥረው ስሕተት ከሞገዱ ርዝመት ሩብ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። አረንጓዴ ብርሃን 550 ናኖሜትር ነው ብንል ሩቡ 137 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ደርሶ ስለሚመለስ ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመስታወቱ ገጽ ከ69 ናኖሜትር በላይ እንዲስት አይፈቀድለትም ማለት ነው። ሊዮን ፉኮ በ1850ዎቹ መጨረሻ ባወጣው የምላጭ ፍተሻ ይህን ያህል ጥቃቅን ስሕተት ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ዛሬም መስታወት የሚፈጩ አማተሮች የሚጠቀሙበት እሱኑ ነው። ራሱን የቻለ ውብ ሙያ ነው፤ ሌላ ገጽ ይፈልጋል።

መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ ካሳሰበዎ ይተዉት። ትንሽ አቧራ ምስሉን አይጎዳም። በጨርቅ የሚደረግ ጥረጋ ግን ስስ የሆነውን የአሉሚኒየም ሽፋን ይጭረዋል።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ካቻቪቴ፣ ሊማ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ፣ ብርጭቆ ወረቀት። ከሁሉ በላይ ግን ካሊፐር፣ ስፋትና ውፍረት በትክክል የሚለካው መሣሪያ። ቶርኖ ያለው ሰው ካወቁ እሰየው፤ ከሌለም ብዙ ሥራ ያለ እሱ ይሠራል።

ካሊፐሩን አስምሬበት የምናገረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ጠፈር የወጣው የሃብል ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ጠርዙ ላይ ከሚገባው በላይ በ2.2 ማይክሮሜትር ጠፍጥፎ ተገኘ። ሠራተኞቹ አልሰነፉም፤ መስታወቱ በጥንቃቄ ተፈጭቷል። ጥፋቱ የነበረው በመለኪያው ነው። መስታወቱን የሚፈትሸው መሣሪያ ውስጥ አንዲት ሌንስ ከቦታዋ በ1.3 ሚሊሜትር ፈቀቅ ብላ ተሰክታለች። እርማቱ የተደረገው በ1993 ነው፤ የጠፈር ተጓዦች ወጥተው። እኛ የምንሠራው ቀለበትና መያዣ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ከመቁረጥ በፊት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ የሚለኩበትንም ነገር በታወቀ ልክ ላይ ይፈትሹ።

የአይፒስና የካሜራ ልኮች ስንት ናቸው?

ዛሬ የተለመዱት የአይፒስ ልኮች ሁለት ናቸው፦ 1.25 ኢንች ማለትም 31.75 ሚሊሜትር፣ እና 2 ኢንች ማለትም 50.8 ሚሊሜትር። በቆዩና በጣም ርካሽ በሆኑ ቴሌስኮፖች ላይ 0.965 ኢንች ማለትም 24.5 ሚሊሜትርም ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ ካለዎት ፎከሰሩ ላይ የ1.25 ኢንች ማስገቢያ መሥራት ከሁሉ የሚክስ ማሻሻያ ነው፤ የአይፒስ ምርጫዎ በአንድ ጊዜ ይሰፋል።

ለካሜራ የተለመደው የብሎን ጥርስ ኤም 42 በ0.75 ነው። 42 ሚሊሜትር ስፋት፣ በየዙሩ 0.75 ሚሊሜትር የሚሄድ። በቁጥር ከእሱ ጋር የሚምታታ ኤም 42 በ1 የሚባል የድሮ የካሜራ ሌንስ ጥርስ አለ። መጀመሪያ የሚገባ ይመስላል፤ ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ይነክሳል። አያስገድዱት፤ አሉሚኒየሙ ይበላሻል።

በስሪዲ ፕሪንተር የሚሠራ ክፍል ይበረክታል?

ይበረክታል፤ ቁሱና አቀማመጡ በትክክል ከተመረጠ።

ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ለመሥራት ቀላል ነው፤ ነገር ግን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ጥቁር ቀለም ያለው ክፍል ፀሐይ ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ለሌሊት ሥራ ብቻ የሚውል የአይፒስ ክዳን ከሆነ ፒኤልኤ ይበቃል። ክብደት የሚሸከም ነገር ከሆነ ፒኢቲጂ ይሻላል፤ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል። ኤቢኤስና ኤኤስኤ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋሉ። ከሁለቱ ኤኤስኤ የፀሐይ ብርሃንን ይበልጥ ይችላል፤ ውጭ ለሚውል ነገር እሱን እመርጣለሁ።

አቀማመጡ ከቁሱ እኩል ወሳኝ ነው። የሚታተመው ክፍል ንብርብር ነው፤ የሚሰነጠቀውም በንብርብሮቹ መሃል ነው። የፋይንደር (ዒላማ ለማግኘት ከጎን የሚታሰረው ትንሽ መመልከቻ) መያዣ እንሥራ እንበል። አቁመው ካተሙት እግሩ ላይ በመጀመሪያው ግጭት ቀጭ ይላል። አጋድመው ካተሙት ንብርብሮቹ በርዝመቱ ይሄዳሉ፤ ያው ፕላስቲክ ሸክሙን ይችላል። ንድፉን ከመሳልዎ በፊት ጉልበቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በእጅዎ ይዘው ያስቡት።

ልኩን በተመለከተ ፕሪንተሩን አይመኑት። ቀዳዳ ከተሳለው ጠበብ ብሎ ይወጣል። ለ31.75 ሚሊሜትር የአይፒስ በርሜል (ፎከሰር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ቀዳዳውን 31.75 ብለው ከሳሉ አይገባም። እኔ የማደርገው ይኼን ነው፦ ሙሉውን ክፍል ከማተሜ በፊት ቁመታቸው 5 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ሦስት ቀለበቶች አትማለሁ፤ 31.9፣ 32.0 እና 32.1። አይፒሱን በየተራ አስገባለሁ። ሳይንገጫገጭ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ የሚወርድበት ቀለበት ልኩ እሱ ነው። ቁጥሩን በዚያ ፕሪንተርና በዚያ ፕላስቲክ ስም መዝግቤ እይዘዋለሁ። ፕላስቲኩ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል።

ብሎን የሚገባበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩን ጥርስ አያስይዙት። የናስ ማስገቢያ በብየዳ ብረት አሙቀው ይትከሉበት፤ ስንት ጊዜ ቢፈታና ቢታሰር አይላላም። እንደ ኤም 42 ያለ ደቃቅ ጥርስ ደግሞ በፕሪንተር ጥሩ ሆኖ አይወጣም። የብረት ቀለበት ፈልጎ ፕላስቲኩ ውስጥ ማጣበቅ ይሻላል።

ፕሪንተር የለኝም። ቀረብኝ?

አልቀረብዎትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጆን ዶብሰን ትልልቅ ቴሌስኮፖችን ከፕላይውድና ከካርቶን ቱቦ እየሠራ መንገድ ዳር ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ዛሬ ዶብሶኒያን የምንለው ማውንት ከእሱ የመጣ ነው። እንጨት፣ የውኃ ቧንቧ፣ ጠንካራ ካርቶንና ኮላ ብዙ ያስኬዳሉ። የድሮው የ35 ሚሊሜትር የፎቶ ፊልም ጣሳ እንኳ በ1.25 ኢንች ፎከሰር ውስጥ ይቀመጣል። ክዳኑን አውጥተው ቂጡን መሃል ለመሃል በስተው ቢያስገቡት የኮሊሜሽን መመልከቻ ይሆናል።

ፎከሰሬ ልቅ ነው፤ ፎከሱም አልያዝ ይለኛል።

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ልቅነቱን ለመለየት ፎከሰሩን ግማሽ ድረስ ያውጡና የአይፒሱን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎን ነቅነቅ ያድርጉት። የሚሰማዎት ንቅናቄ በቱቦውና በቤቱ መሃል ያለው ክፍተት ነው። ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ይህን ክፍተት የሚሞላው በወፍራም ግራሶ ነው። ግራሶው ሲበርድ ይጠጥራል፣ ሲሞቅ ያንሸራትታል። ፈትተው ሙሉ በሙሉ ይጥረጉት። ከዚያ በቀጭን የቴፍሎን ቁራጮች ክፍተቱን ይሙሉ፤ አንዱን ጎን ብቻ ሳይሆን ቱቦው በሦስት ነጥብ እንዲደገፍ። በመጨረሻ ሳሳ ያለ የሊትየም ግራሶ ጥርሶቹ ላይ ብቻ ይቀቡ።

ፎከሱ አለመያዙ ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ኤፍ 5 በሆነ ቴሌስኮፕ (የትኩረት ርቀቱ የመስታወቱን ወይም የሌንሱን ስፋት 5 እጥፍ በሆነ) ምስሉ ጥርት የሚልበት ርቀት በጠቅላላ 0.055 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኤፍ 10 ላይ ወደ 0.22 ይሰፋል። ፎከሰርዎ በአንድ ዙር 20 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ 0.05 ሚሊሜትር ማለት የዙሩ አንድ አራት መቶኛ ነው። 25 ሚሊሜትር ስፋት ባለው እጀታ ላይ ይህ በጣትዎ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ጣት ይህን አያስተውልም። እጀታው ላይ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቢገጥሙበት ያው ንቅናቄ ጠርዙ ላይ ወደ 0.8 ሚሊሜትር ያድጋል። የትልቅ ጣሳ ክዳን ይበቃል። ለሙከራ ያህል የልብስ መቆንጠጫ እጀታው ላይ ቆንጥጠው ጫፉን ቢገፉት ልዩነቱን እዚያው ያዩታል።

መቀየር ካለበት ክሬይፎርድ የሚባለውን ዓይነት መሥራት ያስደስታል። ጥርስ የለውም። ለስላሳ ዘንግ ቱቦውን አራት ኩሽኔታዎች ላይ ተጭኖ በሰበቃ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ አይዘልም፣ ባዶ ዙርም የለውም። የፈጠረው እንግሊዛዊው አማተር ጆን ዎል ነው። የፈጠራ መብት ሳያስከብርበት ለሁሉም ሰው ለቀቀው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ብዙ ፎከሰሮች የዚያ ልግስና ውጤት ናቸው።

ካሜራ ስገጥም ፎከስ አይደርስም። ለምን?

ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ነጥብ ፎከሰሩ ሙሉ በሙሉ ገብቶም ካሜራው ውስጥ ካለው ሴንሰር ቀድሞ ስለሚቀር ነው። ሴንሰሩ ካሜራው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። የካኖን ኢኤፍ ካሜራ ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊሜትር አለው፤ የኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊሜትር። የቲ ቀለበት (ካሜራውን ከኤም 42 ጥርስ ጋር የሚያገናኘው) ሲጨመርበት ድምሩ 55 ሚሊሜትር እንዲሆን ታስቦ ይሠራል።

ቀላሉ መላ ባርሎው ሌንስ ነው፤ የመሰብሰቢያውን ነጥብ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግን ምስሉን ያጎላል፣ ያጨልማልም። ለፕላኔት ይሆናል፤ ለኔቡላ (ለደብዛዛ የጠፈር ደመና) አይሆንም። ሁለተኛው መላ ቁመቱ አጭር የሆነ ፎከሰር ነው። ሦስተኛው ዋናውን መስታወት በረጃጅም ብሎንና ሞላ ወደ ላይ ማስጠጋት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ዋናው መስታወት ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ብርሃኑን ወደ ፎከሰሩ የሚያዞረው ትንሹ መስታወት ጋ የሚደርሰው የብርሃን ስፋት ይጨምራል። ትንሹ መስታወት ካልበቃው ጠርዝ ያለው ብርሃን ይባክናል። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በወረቀት ላይ በልኩ ስለው ይዩት።

ኮሊሜሽን ባስተካከልኩ ማግስት ይዛባል።

ሞላዎቹን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ ክብደት ጋር የማይመጣጠኑ ደካማ ሞላዎች ናቸው። በጠንካራ ሞላ ይቀይሯቸው። ብሎኖቹን በእጅ በሚዞሩ ባለ ትልቅ ራስ ብሎኖች ቢተኩ ጨለማ ውስጥ ካቻቪቴ ከመፈለግ ያድንዎታል። ለትንሹ መስታወት ይህ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ካቻቪቴ ከእጅ አምልጦ ዋናው መስታወት ላይ እንዳይወድቅ።

መስታወቱን ከላይ የሚይዙት ጆሮዎች ግን መጥበቅ የለባቸውም። በጆሮውና በመስታወቱ መሃል የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዉ። ከተጨነቀ መስታወቱ ይታጠፋል፤ ኮከቦች ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። ሦስት ማዕዘን ኮከብ ካዩ መጀመሪያ እነዚያን ጆሮዎች ያላሉ።

ምን ያህል ትክክል መሆን እንዳለበት በኤፍ ቁጥሩ ይወሰናል። ምስሉ ከኮማ (ኮከብን ጭራ ያለው ከሚያስመስል ስሕተት) የጸዳበት የመሃል ክብ ኤፍ 8 ላይ 11 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው። ኤፍ 5 ላይ 2.8 ይሆናል። ኤፍ 4 ላይ 1.4 ብቻ። ስለዚህ ለኤፍ 8 የበቃ መያዣ ለኤፍ 4 ይበቃል ማለት አይቻልም።

ምስሉ የሚንቀለቀለው ለምንድን ነው? ማራገቢያ ልግጠም?

አዎ፣ ይግጠሙ። በእኔ ግምት ለኒውቶኒያን ባለቤት ከዚህ የሚበልጥ ቀላል ማሻሻያ የለም።

ወፍራም መስታወት ከቤት ሲወጣ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ከአካባቢው አየር ሞቅ ብሎ ሲቆይ ፊቱ ላይ ስስ የሞቀ አየር ንጣፍ ይተኛበታል። ብርሃኑ በዚህ ንጣፍ ውስጥ ሁለቴ ያልፋል፦ ሲገባና ሲመለስ። ኮከቡን ከፎከስ አውጥተው ሲያዩት ይህ ንጣፍ ራሱ ይታያል፤ ጥላ መሰል ጅረት በቀለበቱ ላይ ከታች ወደ ላይ ሲጎተት። ማራገቢያውን ሲያበሩት ጅረቱ ይበጣጠሳል፤ ቀለበቱም ጥርት ይላል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ዳግመኛ ያለ ማራገቢያ ጁፒተርን ማየት አይፈልግም።

80 ሚሊሜትር የሆነ የኮምፒውተር ማራገቢያ፣ 12 ቮልት፣ ከመስታወቱ ጀርባ። በቀጥታ ብረት ላይ በብሎን አይሰሩት፤ ንዝረቱ ይተላለፋል። በጎማ ማሰሪያ ወይም በለስላሳ ሲሊኮን ያንጠልጥሉት። ፍጥነቱን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ቢኖረው መልካም ነው፤ በማቀዝቀዝ ጊዜ ሙሉ፣ በማየት ጊዜ ቀስ።

ጤዛን እንዴት ልከላከል?

መጀመሪያ መከላከያ ቱቦ። ከጥቁር ስፖንጅ ወይም ከወፍራም ካርቶን ተጠቅልሎ ከሌንሱ ፊት የሚወጣ፣ ርዝመቱ የሌንሱን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። ጤዛ የሚመጣው ሌንሱ ሙቀቱን ለጥርት ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በታች ስለሚቀዘቅዝ ነው። ቱቦው ያንን ሰፊ ሰማይ ይጋርደዋል።

እሱ ካልበቃ ማሞቂያ መቀነት ይሥሩ። 330 ኦም የሆኑ 10 ሬዚስተሮችን በሁለት ሽቦዎች መሃል እንደ መሰላል ደረጃ ጎን ለጎን ይበይዱ። በ12 ቮልት እያንዳንዱ 0.44 ዋት ገደማ ያመነጫል፤ በጠቅላላ 4.4 ዋት። ለ1 ዋት የተሠሩ ሬዚስተሮች ይምረጡ፤ በአቅማቸው ጫፍ እንዳይሠሩ። የሚስበው 0.36 አምፒር ስለሆነ 7 አምፒር-ሰዓት ያለው ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት እንኳ ወደ 10 ሰዓት ይቆያል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ማስገባት ግዴታ ነው። ሌንሱ ከአየሩ ትንሽ ሞቅ ማለቱ ብቻ ይበቃል፤ ከበዛ ያው የሚንቀለቀል ምስል ተመልሶ ይመጣል።

የቱቦውን ውስጥ ጥቁር መቀባት ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ግን ጥቁር የሚባል ቀለም ሁሉ ጥቁር አይደለም። ከፊት ሲያዩት ጥቁር የሆነው በአግድም ሲያዩት ያብለጨልጫል። ቀን ላይ አይፒሱን አውጥተው በፎከሰሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። የሚያበራ ነገር ካዩ ያንን ቦታ ይሸፍኑ። በተለይ ከፎከሰሩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ። ጥቁር ቬልቬት ከቀለም ይበልጣል። የፎከሰሩን ቱቦ ውስጥና የትንሹን መስታወት ጠርዝም አይርሱ።

ዶብሶኒያኔ ሲገፉት ይነክሳል፤ ከዚያ ይዘላል።

የቴፍሎን ቁራጮቹንና የሚንሸራተቱበትን ገጽ ይፈትሹ። ቴፍሎን ሻካራ ፊት ባለው ፎርማይካ ላይ ሲሆን ለማስነሳት የሚፈልገው ጉልበትና ለማስኬድ የሚፈልገው ጉልበት ተቀራራቢ ናቸው። በለሰለሰ ቀለም ወይም በርካሽ ፕላስቲክ ላይ ግን ይራራቃሉ፤ መዝለሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቴፍሎኑን የያዘው ብሎን ራሱ ከፊቱ በታች ጠልቆ መቀመጡን ያረጋግጡ። ብቅ ካለ ፎርማይካውን ይቦጭቀዋል። አሁንም ከከበደ ቁራጮቹን ወደ መሃሉ ብሎን ያስጠጉ፤ ሲርቁ ይከብዳል፣ ሲቀርቡ ይቀላል።

ለማውንቴ ሞተር ራሴ ልገጥምለት እችላለሁ?

ይችላሉ። ሰማይ በሰከንድ 15 የማዕዘን ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) ያህል ይዞራል፤ ሞተሩ ያንን መከተል አለበት። በአንድ ዙር 200 እርምጃ ያለው ስቴፐር ሞተር እንውሰድ። መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ይከፍለዋል። 3 ለ1 የሆነ ቀበቶ፣ ከዚያ 144 ጥርስ ያለው ጎማ ይኑረው። ስናበዛው ለሙሉ ዙር 1,382,400 ጥቃቅን እርምጃ ይመጣል፤ አንዷ እርምጃ ከአንድ የማዕዘን ሰከንድ ትንሽ ታንሳለች። ለዓይንም ለፎቶም መነሻ ይሆናል። ኦንስቴፕ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ሁሉ በርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ያስኬዳል። ሶፍትዌሩ ግን የተንጋደደ ጥርስ አያቃናም። መጀመሪያ ጥርሱና ኩሽኔታው ይስተካከል።

የፀሐይ ፊልተር ራሴ መሥራት እችላለሁ?

መያዣውን እንጂ ፊልተሩን አይደለም። የሚታይበት ፊልም ለቴሌስኮፕ ተብሎ የተሠራ፣ ጥግግቱ 5 የሆነ መሆን አለበት፤ ከብርሃኑ አንድ መቶ ሺኛውን ብቻ የሚያሳልፍ። 3.8 የሚል የተጻፈበት ለካሜራ ብቻ ነው። ሲዲ፣ የኤክስሬይ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ የብየዳ መነጽር ለቴሌስኮፕ ፈጽሞ አይሆኑም። ዓይን በቅጽበት ይጠፋል፤ ሬቲና ሕመም ስለማይሰማው የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም።

ፊልተሩ የሚቀመጠው በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነው። አይፒስ ላይ የሚጠመዘዙ የፀሐይ ፊልተሮች ካሉዎት ይጣሏቸው፤ የተሰበሰበው ሙቀት እያዩ ሳለ ሊሰነጥቃቸው ይችላል። ፊልሙን በሁለት የካርቶን ቀለበቶች መሃል ሳይወጥሩ ይለጥፉት፤ ትንሽ መጨማደዱ ምስሉን አይጎዳም። ቀለበቱ ቱቦው ላይ ጠበቅ ብሎ ይግባ፤ ነፋስ እንዳይገለብጠው በቴፕ ይታሰር። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በፊት ፊልሙን መብራት ላይ ይዘው ቀዳዳ እንደሌለው ይመልከቱ። ፋይንደሩንም ይክደኑት ወይም ያውልቁት። ልጆች ካሉ ከቴሌስኮፑ አጠገብ አይራቁ።

በአንድ ምሽት የሚሠራ ጠቃሚ ነገር ንገሩኝ።

የባህቲኖቭ ማስክ። ሩሲያዊው ፓቬል ባህቲኖቭ በ2005 ያወጣው ነው። በቴሌስኮፑ አፍ ልክ በተቆረጠ ካርቶን ላይ በሦስት አቅጣጫ የተሰነጠቁ መስመሮች ናቸው። ደማቅ ኮከብ ላይ ሲያነጣጥሩ ሦስት የብርሃን ጨረሮች ይወጣሉ። የመሃለኛው በሁለቱ መሃል እኩል ሲቀመጥ ፎከሱ ልክ ነው። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ማስኩን ማንሳት አይርሱ።

ቱቦውን መብሳት ካለብኝስ?

ሁለቱንም መስታወቶች አውጥተው በክዳን ያስቀምጡ። ቀዳዳው የሚያርፍበት ላይ ወረቀት ቴፕ ይለጥፉ፤ ትራፓኖው እንዳይንሸራተትም ቀለሙ እንዳይላጥም ይረዳል። ቱቦውን አፉን ወደ ታች አዘንብለው ይብሱ። መጀመሪያ በቀጭን መብሻ፣ ከዚያ በልኩ። ጠርዙን በሊማ ያስተካክሉ። ቱቦው አሉሚኒየም ከሆነ ብናኙን ማግኔት አያነሳውም። በቫኩም ይምጠጡት፣ ከዚያ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉና ይድረቅ። የወጣውን አሮጌ ክፍል ከነብሎኖቹ በከረጢት አድርገው ስሙን ይጻፉበት፤ ቴሌስኮፑን አንድ ቀን ለሌላ ሰው ቢያስተላልፉ ይፈለጋል።